በመጻጉዕ እሑድ የዋለ ፋሲካ

ሐሙስ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሌሊት ከቦሌ ተነሥተን ሰባት ሰዓት ያህል ከበረርን በኋላ ፍራንክፈርት ያረፍነው ጎህ ሲቀድ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳልርቅ ወደ ላይፕዚግ የሚሄደውን ፈጣን ባቡር ያዝሁ፤ ትኬቱን ጓደኛዬ ከሁለት ሳምንት በፊት ቆርጣልኝ ስለነበር 60 ዩሮ ገደማ ነው የወጣበት፣ ዕለቱን ቢገዛ በጣም ይወደድ ነበር አለችኝ። በመስኮት የማየው አገር ገና ከብርዱ አልወጣም፤ ዛፉ ራቁቱን ቆሟል፣ ቡቃያው ግን ሜዳውን ሸፍኖታል፣ በየጓሮው ደግሞ አንድ ቅጠል ሳያወጣ አበባ ብቻ የለበሰ ቁጥቋጦ አለ፣ ቢጫነቱ የመስከረምን አደይ ያስታውሳል። ስሙን አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፣ ወዲያው ጠፋኝ።

የመጣሁት በዓል ለማየት ነው። ጓደኛዬ የነቀምት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አብረን ተማርን፣ አሁን ላይፕዚግ ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች። በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያደገች ሉተራን ናት። አያቷ፣ ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው በ1899 (እ.አ.አ.) ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ እየሰሙ ያደጉ ሴት ነበሩ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ «እዚህ ፋሲካ በአንድ እሑድ አያልቅም፤ ሃምሳ ቀን ሙሉ እያንዳንዱ እሑድ የራሱ ስምና የራሱ መልእክት አለው» አለችኝ። በዓለ ሃምሳማ እኛም አለን አልኳት። ስሞቹ ከየት እንደሚመጡ ስትነግረኝ ግን ጓጓሁ፤ እሱን በቦታው እጽፈዋለሁ። የሚያራርቀን የቀን አቆጣጠሩ ነው። በዚህ ዓመት የእነሱ ትንሣኤ መጋቢት 22 ሲውል የእኛ ሚያዝያ 27 ነው፣ አምስት ሳምንት ልዩነት። ዐቢይ ጾም ከገባ ዛሬ ዐሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነውና የሌላውን ሰው ፋሲካ የማየው በጾም አፌ ነው።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ በትራም ወደ ከተማው ዳር ሄድን፣ ለአንድ ሰው ሦስት ዩሮ ገደማ ከፈልን። ሐሙሱን «አረንጓዴ ሐሙስ» ይሉታል። ለምን አረንጓዴ እንደተባለ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፣ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነገሩኝ። በብዙ ቤት ስፒናች ከድንችና ከእንቁላል ጋር ይበላበታል። እኛ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እንደምንበላ ለጓደኛዬ ሳስታውሳት የስንዴውና የባቄላው ሽታ ራሱ መጣብኝ አለች።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ትንሽ ናት፣ ግድግዳዋ ኖራ ተቀብቶ ሌላ ጌጥ የለውም። አግዳሚ ወንበሮቹን ገፍተው መካከሉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተዋል፤ ዳቦ፣ ወይን ፍሬ፣ ወይራ፣ አይብ፣ በሸክላ ጽዋ ወይን። ሠላሳ ሰው ያህል ዙሪያውን ተቀመጠ፣ ሽማግሌ ይበዛል፣ አራት ልጆችም አሉ። ቄሷ ሴት ናቸው። ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል። ሳያቸው ትንሽ እንግድነት ተሰማኝ፤ ጓደኛዬ አስተውላ «አገር ቤት በእኛም ሴቶች ይቀሰሳሉ» አለችኝ። የመጨረሻው እራት ታሪክ ተነበበ፣ ከዚያ ዳቦውን እያንዳንዱ ለጎረቤቱ እየቆረሰ ሰጠ። እኔ አልቆረብሁም። ሳህኑ ሲደርሰኝ አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ አሳለፍሁላት፣ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። እጄን ደረቴ ላይ ባመሳቅል ቄሷ ይባርኩኝ እንደነበር የሰማሁት ቤት ከገባን በኋላ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ፍጻሜው ነው። እራቱ ሲያልቅ ሻማዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ፣ ሁለት ሰዎች ተነሥተው የመሠዊያውን ጨርቅ አጠፉ፣ መቅረዙን፣ መስቀሉን፣ መጽሐፉን ይዘው ወጡ። ማንም አይናገርም፣ ኦርጋን የለም። በመጨረሻ እንጨቱ ብቻ ቀረ። ሬሳ የወጣበት ቤት መሰለኝ። ሰዉ ሰላም ሳይባባል በየፊናው ሄደ፣ እኛም ትራሙ እስኪመጣ አልተነጋገርንም።

አርብ፣ መጋቢት 20

ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ዛሬ በሳክሶኒ ክልል በአደባባይ መጨፈርም ሕጉ አይፈቅድም። ጠዋት በእግር ወደ መሀል ከተማ ሄደን ኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ከውጭ ሲያዩት ጥቁር ደንጊያ ነው። ገብቼ ቀና ስል ግን ነጫጭ ዓምዶቹ ጫፋቸው ላይ እንደ ዘንባባ ተዘርግተዋል፣ አረንጓዴ ቅጠላቸው ጣራውን የያዘ ይመስላል፣ የዘንባባ ጫካ ውስጥ የቆምሁ መሰለኝ። ሆሣዕናቸው ያለፈው እሑድ ነበር፣ እዚህ ግን ዘንባባው ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም። ከ1982 (እ.አ.አ.) ጀምሮ በየሰኞው የሰላም ጸሎት የሚደረገው እዚሁ ነው፤ በ1989 ጥቅምት ላይ ከዚህ ጸሎት ወጥቶ ሻማ ይዞ በጎዳና የሄደው ሕዝብ የምሥራቅ ጀርመንን መንግሥት እንዳናወጠ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አንዲት ሴትዮ ጥግ ላይ ተንበርክከው ነበር። በዚያች ከተማ ተንበርክኮ የሚጸልይ ሰው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ዮሐን ሴባስቲያን ባህ በዮሐንስ ወንጌል ላይ ያቀናበረው የሕማማት ዜማ መጀመሪያ የተሰማው በዚህ ቤት ነው፣ በስቅለት ቀን፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1724 በእነሱ አቆጣጠር። ዘንድሮ ልክ 300 ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ስብከቱ መካከል ላይ ነበር፣ ዜማው ከፊትና ከኋላው። እኔን የነካኝ ግን ጓደኛዬ ከአንድ ጽሑፍ ላይ እየተረጎመች ያነበበችልኝ ሌላ ነገር ነው። በባህ ዘመን በላይፕዚግ በጾሙ ሳምንታት በመሣሪያ የታጀበው ትልቁ የእሑድ ዜማ ዝም ይል ነበር። ሃሌ ሉያም እስከ ዛሬ ድረስ በጾሙ ከአፋቸው ይጠፋል፣ የሚመለሰው በትንሣኤ ነው። እኛ ሃሌ ሉያን አንተውም፣ ከበሮና ጸናጽሉን ነው የምናስቀምጠው፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። እዚያ ዘንባባ ሥር ቁጭ ብዬ ልጅ ሳለሁ ከበሮው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማኝን አስታወስሁ፤ የታመመ ዘመድ ይመስለኝ ነበር። እዚህም ጆሮ ይጾማል ለካ።

የስቅለቱ ጸሎት በትላንቷ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። እነሱ «ዐሥራ አምስት ሰዓት» ይላሉ። ወንጌሉ ጌታ ነፍሱን የሰጠበትን ሰዓት ዘጠኝ ይላልና የእጅ ሰዓቴን ለጓደኛዬ አሳየኋት፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ ዘጠኝ ነው። ይህን ለቄሷ ነገረቻቸው፣ ቆም ብለው ሰዓቴን ተመለከቱት። መሠዊያው ትላንት እንደተራቆተ ነው። ሕማማቱ በየክፍሉ ተነበበ፣ በየንባቡ መጨረሻ አንድ ሻማ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ደወሉ ቀስ እያለ ተመታ። ስግደት የለም። እኛ ጠዋት ጀምረን ወገባችን እስኪቆረጥ እንሰግዳለን፣ እነሱ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ላይ አካሌ የሚሠራው ነገር አጥቶ ተቸገረ። ኋላ ግን ማዳመጡም ይደክማል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ሰማዩ ቢጫ ሆኖ አደረ። በዝናብ ደመና አይደለም፤ ከሰሐራ በረሃ የተነሣ አቧራ ባሕር ተሻግሮ ጀርመን መድረሱን ሬድዮ ተናገረ። አየሩ በአንድ ሌሊት ስለሞቀ ጃኬቴን አወለቅሁ። በቆሙት መኪኖች ላይ ቀይ ብናኝ ተነስንሷል፣ በጣቴ ነካሁት፣ የአፍሪካ አፈር ነው። ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ምንም የለም። በእኛ ቢሆን ቄጠማው ይታደላል፣ በየራሱ ይታሰራል፣ ገበያው በዶሮና በበግ ይጨናነቃል። እዚህ ዝም ነው። ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ከፎቁ በታች ወደሚኖሩት ጎረቤቷ ወሰደችኝ። ከሰማንያ ያለፉ አሮጊት ናቸው፣ ከምሥራቅ ሳክሶኒ ከላውዚትስ የመጡ ሶርብ፣ ሶርቦች የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው እንቁላል ይቀባሉ። አስኳሉና ውኃው በሁለት ቀዳዳ ተነፍቶ ወጥቷል፣ ቅርፊቱ ብቻ ነው የቀረው። የዝይ ላባ ጫፍ በቢላ ቀርጸው በቀለጠ ሰም ያጠቅሳሉ፣ ነጠብጣብና ሦስት ማዕዘን እያደረጉ ቅርፊቱ ላይ ያትማሉ፣ ቀለም ውስጥ ይነክራሉ፣ ያደርቁታል፣ እንደገና ሰም፣ እንደገና ቀለም። በመጨረሻ ሻማ ላይ አሙቀው ሰሙን በጨርቅ ሲጠርጉት ከሥሩ ነጩ ይወጣል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላባው ቅርፊቱን ሲነካ ግን አይንቀጠቀጥም። እኔም ሞከርሁ፣ ነጠብጣቦቼ ተራራቁ። በወጣትነታቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ልጅ በትምህርት ቤት ይገፋ እንደነበር ነገሩኝ፤ በምሬት አይደለም፣ የትላንት አየር እንደሚነግር ሰው ነው የነገሩኝ።

ጓደኛዬ ጠዋት የጋገረችው እንጀራ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሽሮና በምስር በላሁ። ከዚያ ገና ሳይመሽ ተኛን። ዛሬ ሌሊት ጀርመን ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፣ ጸሎቱም ገና ሳይነጋ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 22

በአዲሱ ሰዓት ንጋት ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግቢ ውስጥ ቆመን ነበር። ጨለማ ነው። በብረት ቅርጫት እሳት ነድዶ ስልሳ ያህል ሰው ከቦታል፣ ፊቱ ይታያል፣ ጀርባው አይታይም። ቄሷ ዛሬ ነጭ ለብሰዋል። ክንድ የሚያህል ሻማ አምጥተው ከእሳቱ ለኮሱት፤ በላዩ መስቀል፣ አልፋና ኦሜጋ፣ አምስት የሰም ችንካር፣ 2024 የሚል ዓመትም አለበት። ሻማው ቀድሞ ገባ፣ እኛ በጨለማ ተከተልነው፣ ቄሷ ሦስት ጊዜ ቆመው የክርስቶስ ብርሃን ብለው በዜማ ጠሩ፣ ሕዝቡ ሦስት ጊዜ መለሰ። ከዚያ እሳቱን ትልቋ ሻማ ለትንንሾቹ፣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ፣ ቤቱ ቀስ ብሎ ታየ። ጧፍ ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝና እዚህ ቦታ ላይ ትርጉም አላስፈለገኝም።

በጨለማው ውስጥ ብዙ ተነበበ፤ ፍጥረት፣ የጥፋት ውኃ፣ የባሕረ ኤርትራ መከፈል። ሦስተኛውን ያነበበችው ጓደኛዬ ናት። ባሕሩ ሲከፈል ድምፅዋ ከፍ አለ፣ በጀርመንኛው ውስጥ ነቀምት ይሰማኝ ነበር። ከንባቡ በኋላ አንድ ወጣት ተጠመቀ። ከኢራን የመጣ ነው አሉኝ፣ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። ራሱን ዘንበል አድርጎ ቄሷ ሦስት ጊዜ ውኃ አፈሰሱበት፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ውኃው አገጩ ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረገውም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ቄሷ ጌታ ተነሥቷል አሉ፣ ሕዝቡ በእውነት ተነሥቷል ብሎ መለሰ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ዝም ያለው ኦርጋን በሙሉ አፉ ፈነዳ፣ ደወሉ ከላይ ተቀበለው፣ መብራቱ በራ፣ ልጆች አበባና ጨርቅ ይዘው እየሮጡ መሠዊያውን አለበሱት። ሃሌ ሉያውም ተመለሰ። ስንት ጊዜ እንዳሉት መቁጠር ጀምሬ ተውሁት። የምሥራቁ መስኮት ነጣ፣ ከዚያ ቀላ፣ የትላንቱ አቧራ አሁንም በአየር ላይ ነበር መሰለኝ ጨረሩ ወፍራም ሆኖ ገባ።

እኔ እዚያ መካከል ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜያለሁ። ዛሬ በእኛ መጻጉዕ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ ተኝቶ ውኃው እስኪናወጥ የሚጠብቀው ሰው እሑድ። አዲስ አበባ እናቴ ያን ሰዓት ቅዳሴ ላይ ናት፣ ያን ሰው እያሰበች። በአንድ ጠዋት አንዱ ገና ይጠብቃል፣ አንዱ ተነሥቷል። ሁለቱንም በአንድ ልብ መያዝ ይቻል እንደሆነ እስከ ቁርሱ ድረስ አሰብሁ፣ አልጨረስሁትም።

ከጸሎቱ በኋላ ሰዉ ወደ መቃብሩ ወጣ። ዘጠኝ ሰዎች የነሐስ መለከት ይዘው በመቃብሮቹ መካከል ቆመው ነፉ፣ ሦስቱ ጎረምሶች ናቸው፣ አንዱ ሽማግሌ ጉንጫቸው ቀልቷል። እንዲህ ያሉ የመለከት ጓዶች በሉተራን አጥቢያዎች የተለመዱ ናቸው። አንዳንዱ የዘመዱን መቃብር ዳስሶ «ተነሥቷል» ይላል፣ ለሞተው ሰው የሚነግር ይመስላል። ይህን እኛ አገር አላየሁም፣ ብናደርገው ግን የሚያምርብን ነገር ነው።

አዳራሹ ውስጥ ቁርስ ተዘርግቷል፤ የተጎነጎነ ዳቦ፣ ቀይና ሰማያዊ እንቁላል፣ በበግ ቅርጽ የተጋገረ ስኳር የተነሰነሰበት ኬክ። ዳቦው ቅቤና ወተት አለበት። ከጥቁር ቡና በቀር የምቀምሰው አልነበረም፣ ባዶ ሳህን ፊት መቀመጥ ግን የሚጋብዙኝን ሰዎች ማሳዘን ሆነ። ጓደኛዬ የእኛ ፋሲካ ሠላሳ አምስት ቀን እንደሚቀረው አስረዳቻቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያ አንድ ሰውዬ «እንግዲያውስ እየጠበቃችሁልን ነው» አሉ፣ ምን ለማለት እንደፈለጉ በደንብ አልገባኝም። ጎረቤቷ አሮጊት ተነሥተው ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ትላንት ሲሠሩት ያየሁትን ጥቁር ቀይ እንቁላል በጥጥ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ይህ ጾም አይፈታም፣ ባዶ ነው» አሉኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 23

ማግስቱም በዓል ነው፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ ዝግ። በክልል ባቡር ወደ ዊተንበርግ ሄድን፣ ለሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያገለግለው ትኬት ከ40 ዩሮ ያነሰ ነበር፣ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ከጣቢያው እስከ ከተማው በእግር ሄድን። ዛሬ የሚነበበው ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ያልታወቀ መንገደኛ የተቀላቀላቸው ታሪክ ነው፤ በብዙ አጥቢያ ሰዎች በዚህ ቀን ወንጌሉን ይዘው በእግር ይጓዛሉ። እኛም ሁለት ነበርን፣ አቧራው በሌሊት ዝናብ ታጥቧል፣ ስለ ታመመች አክስቷ ስታወራኝ ደረስን።

ከተማዋ አንድ ረጅም ጎዳና ናት ማለት ይቻላል። በምሥራቅ ጫፍ ሉተር የኖረበት ገዳም፣ በምዕራብ ጫፍ ዘጠና አምስቱ ነጥቦች ተለጠፉበት የሚባለው የግንብ ቤተ ክርስቲያን፣ በመካከል ሉተር የሰበከበት የከተማው ቤተ ክርስቲያን። የ1517ቱ የእንጨት በር በ1760 ተቃጥሏል፣ አሁን ያለው ነሐስ በ1858 የተሠራ ነው። ውስጥ የሉተር መቃብር ከመስበኪያው ሰገነት ሥር አለ፣ የባልደረባው የሜላንክቶንም እዚያው። ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር፣ ወለል ላይ ያለ ደንጊያ ነው።

በከተማው ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ላይ ደረስን። ሠዓሊው አባት ክራናህ ከልጁ ጋር የሣለው መሠዊያ በ1547 የቆመ ነው። መካከሉ ላይ ጌታና ደቀ መዛሙርቱ በክብ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል፣ የሐሙሱ ማዕድ ትዝ አለኝ። በግራ ሜላንክቶን ሕፃን ያጠምቃል፣ በቀኝ የከተማው ቄስ ቡገንሃገን በቁልፍ የንስሐውን ሥልጣን ይዟል፣ ከሥር ሉተር ከሰገነቱ እጁን ዘርግቷል፣ በእሱና በሕዝቡ መካከል የተሰቀለው ክርስቶስ ብቻ ቆሟል። ቀለሙ ገና ትኩስ ይመስላል። ከቤቱ ውጭ ግን ከላይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል አይሁድን የሚያዋርድ ከ700 ዓመት በፊት የተቀረጸ ምስል አለ፤ ከሥሩ መሬት ላይ በ1988 የተቀመጠ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። በስቅለት ሰሞን ስለ ኢየሱስ ሞት ስንቱ አይሁዳዊ እንደተሳደደ እያሰብሁ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ጓደኛዬም ዝም አለች።

አሁን ወደዚህ ከተማ ወዳመጣኝ ነገር ልግባ። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እዚች ከተማ መጥቶ ነበር። ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሥላሴና ስለ ቁርባን ተነጋገረ፤ ሉተር በእነሱ አቆጣጠር ሐምሌ 4 ቀን በተጻፈ ደብዳቤ በመልካም መሰከረለት፣ የምሥራቁ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቢለይም በእምነቱ አንድ እንደሆኑ ጻፈለት። ይህን ታሪክ አንብቤዋለሁ፣ እዚህ ግን ሌላ ነገር ቆጠርሁ። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የወጣው በ1582 ነው፣ የጀርመን ፕሮቴስታንቶችም የተቀበሉት በ1700 ነው። ስለዚህ ዲያቆን ሚካኤል በመጣበት ዓመት የኢትዮጵያውና የዊተንበርጉ ፋሲካ አንድ ቀን ነበር፣ ሚያዝያ 5 በዚያን ጊዜ አቆጣጠር። በባሕረ ሐሳብ የወጣው ቀንና እዚህ የተሰላው ቀን አንድ። በተለየ ቋንቋ፣ በተለየ ሥርዓት፣ ጾሙን አብረው ይፈቱ ነበር። ጎዳናው ላይ ቆሜ ለጓደኛዬ ስነግራት «በባህ ልጅነትም አንድ ነበር ማለት ነው» አለች። እሱም በ1685 ነው የተወለደው፣ ገና አቆጣጠሩ ሳይለወጥ፣ እውነቷን ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 29

ሳምንቱ ዝናባማና ሥራ የሌለበት ነበር፣ ጓደኛዬ ሌሊት ሌሊት ተረኛ ነበረች፣ እኔ እያነበብሁ ቆየሁ። ዛሬ ኳሲሞዶጌኒቲ ይባላል። ቄሷ ከጸሎቱ በፊት ሻይ ጋብዘውን ስለ ስሙ ነገሩን። በላቲን የዕለቱ መግቢያ ዜማ የሚጀምርበት ቃል ነው፣ እንደ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ማለት ነው፣ ከጴጥሮስ መልእክት የተወሰደ። ከዚህ በኋላ ያሉትም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ የጌታ ምሕረት፣ እልል በሉ፣ ዘምሩ፣ ጸልዩ፣ ስማኝ፣ ከዚያ ጰራቅሊጦስ። መጀመሪያ ልደት፣ ከዚያ እረኛ፣ ከዚያ ደስታ፣ ከዚያ መዝሙር፣ ከዚያ ጸሎት፣ በመጨረሻ ጌታ አርጎ መንፈስ እስኪመጣ ያለው የብቸኝነት ሳምንት። አጀማመሩን ሲነግሩኝ ብድግ አልሁ። የእኛም የጾሙ እሑዶች እንዲህ ነው ስም የሚያገኙት። ዘወረደ የሚባለው ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው የዕለቱን ዜማ በዚያ ቃል ስለጀመረ ነው። እነሱ ከትንሣኤ በኋላ፣ እኛ ከትንሣኤ በፊት፣ ሁለታችንም ሳምንቱን በመዝሙሩ ቃል እንጠራለን። ሕዝቡ ስሙን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ዜማውን ይዞ ይሄዳል። ቄሷ ወረቀት አውጥተው ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ ስል በራሳቸው ፊደል ጻፉ፣ ምኵራብን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ወንጌሉ የቶማስ ነው። እኛም በዳግማይ ትንሣኤ ይህንኑ እናነባለን። ዛሬ ግን በእኛ ደብረ ዘይት ነው፣ ስለ ዳግም ምጽአቱ የሚነበብበት፤ ደግሞም ዕለቱ መጋቢት 29 ነውና አባቶች ጥንተ ትንሣኤ ይሉታል፣ ጌታ መጀመሪያ የተነሣበት ቀን። ስለዚህ በዚህ እሑድ ባልታሰበ መንገድ ተገናኘን። ቄሷ ሲሰብኩ ቶማስን አልወቀሱትም። ከሌሎቹ አለመለየቱን ነው ያነሡት፣ ተጠራጥሮም ቢሆን በስምንተኛው ቀን እዚያው ቤት ተገኝቷል አሉ። ከዚያ የተናገሩትን ብዙውን አልያዝሁትም፣ ጓደኛዬ ደክማ ትርጉሙን አቋርጣ ነበር። በፋሲካ ሌሊት የተጠመቀው ወጣት በሦስተኛው ረድፍ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6

የእረኛው እሑድ። ሃያ ሦስተኛው መዝሙር በዜማ ተባለ፣ እኔ በልቤ በግዕዝ ተከተልሁ። በእኛ ዛሬ ገብር ኄር ነው፣ መክሊቱን ያተረፈው ታማኝ አገልጋይ። እዚህ መልካም እረኛ፣ እዚያ መልካም አገልጋይ። ቆጠርሁ፣ አርባ አንድ ሰው ነበር፣ ለፋሲካ ከመጣው ሕዝብ የቀረው ይህ ነው። ትልቋ ሻማ አሁንም በመሠዊያው አጠገብ ትነዳለች፣ በየእሑዱ ትበራለች፣ ከፋሲካ ሌሊት ይልቅ አጥራለች። ጎረቤቷ አሮጊት ከደጃፉ ላይ እንቁላሉን እንዴት እንደምይዘው ጠየቁኝ። በጋቢዬ ጠቅልዬዋለሁ አልኳቸው። ማታ ወደ ፍራንክፈርት በባቡር ተመለስሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 27፣ አዲስ አበባ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾሙን በዶሮ ወጥ ፈታን። ረፋዱ ላይ ጓደኛዬ ደወለች። እዚያ ዛሬ ሮጋቴ ነው፣ ጸልዩ የሚባለው እሑድ። ቄሷ በምልጃው ጸሎት ዛሬ ፋሲካ የሚያከብሩትን ሁሉ አንሥተው ጸልየዋል፣ ኢትዮጵያን በስሟ ጠርተው። ሻማዋ ከስንዝር በታች ቀርታለች አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ እንቁላሉን ከጋቢው ፈታሁት፣ አልተሰበረም። እናቴ ተቀብላኝ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አገላበጠችው፣ ነጠብጣቦቹን በጣቷ ተከተለች፣ ቀዳዳዋን አግኝታ ዓይኗን አስጠጋች። «ምን አለው?» አለችኝ።

«ምንም፣ ባዶ ነው» አልኳት።

ቀይ ክር ፈልጋ አንጠለጠለችውና ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ካለችው ምስማር ላይ ሰቀለችው።